እንጀራዬ ዓይን አላወጣም፤ ባለቤቴ ደግሞ ሸኖ እንግባ ይላል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የዓምዱ አዘጋጆች። ዕድሜዬ 36 ነው። ተወልጄ ያደግሁት አራት ኪሎ ነው፤ አሁንም የምንኖረው ከእናቴ በተላለፈልኝ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። የዘጠኝና የአራት ዓመት ልጆች አሉን። ባለቤቴ አናጢ ነው። እኔ ለሁለት ትናንሽ ድርጅቶች ሒሳብ እሠራለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ እገባለሁ፣ ሌላውን ከቤት እጨርሰዋለሁ።

የባለቤቴ አባት አምና ካረፉ ወዲህ አማቴ ሸኖ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው ከአንዲት ላምና ከጥቂት በጎች ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ባለቤቴ ማታ ማታ ወሬው ይኸው ሆኗል፦ «ቤቱ አለ፣ መሬቱ አለ፤ እዚህ ተጨናንቀን ምን እንሠራለን? ወተቱን ከላሟ፣ ድንቹን ከጓሮ፣ እንጀራውን ከምጣድ እንበላለን።» ሲያወራው ደስ ይላል። የልጆቼን ሳል ሳስብ የእኔም ልብ ይከጅላል።

ግን እኔ እስከ ዛሬ እንጀራ ከሱቅ እየገዛሁ ነው የኖርኩት። ለፋሲካ የሄድን ጊዜ «እስቲ የዘንድሮውን እኔ ልጋግር» ብዬ ተነሣሁ። ሐሙስ ማታ አቡክቼ ቅዳሜ ጋገርኩ። አንድ ዓይን አላወጣም፤ ግማሹ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ግማሹ እንደ ቂጣ ደረቀ። አማቴ ምንም አላሉም። ጎረቤታቸው ግን «የአዲስ አበባ ልጅ አይደለች፣ ምን ታድርግ!» ብላ ሳቀች፤ አማቴም አብረው ሳቁ። ያ ሳቅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በጭሱ ዓይኔ ቀልቶ ስለነበር ማልቀሴን ማንም አላወቀብኝም።

አሁን «ልጆቹን ለመስከረም እዚያው እናስመዝግብ» ብሏል። እምቢ ብል እናቱን ብቻቸውን ያስቀረሁት እኔ ልሆን ነው። እሺ ብል በማልችለው ሥራ በየቀኑ ልሸማቀቅ ነው። ሰነፍ ሆኜ ነው? ወይስ እውነትም ለገጠር አልተፈጠርኩም? ከየትስ ልጀምር?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እህታችን፣ ሰነፍ ሰው በዓል ለማክበር ሄዶ በሰው ማድ ቤት ጭስ አይታጠንም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄሽን እዚህ ላይ እንዝጋው። የእንጀራው ጉዳይ ግን በቂ ምክንያት አለውና እሱን ሳንፈታ ወደ ሌላው አንለፍ፤ ያ ሳቅ ከውሳኔሽ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር።

ሐሙስ ማታ የተቦካ ሊጥ ቅዳሜ መጋገሩ አራት ኪሎ ቢሆን ያስኬድ ነበር። ሸኖ ግን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም አገር ነው። በዚያ ቅዝቃዜ እርሾው ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሊጡ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም አራት ቀን ይፈልጋል። አንቺ የጋገርሽው ገና ያልደረሰ ሊጥ ነው። አማትሽ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ማንም ስላልጠየቃቸው ግን አልተናገሩም።

ልምምዱን አሁኑኑ፣ እዚሁ ቤትሽ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጀምሪው፤ ጎረቤት በሌለበት። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ይበቃል፤ ስድስት ሰባት እንጀራ ይወጣዋል። ውሃው በጠቅላላው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜ ግን አትገልብጪው። መጀመሪያ በትንሽ ውሃ ወፈር አድርገሽ ጓጓላው እስኪጠፋ በእጅሽ እሺው፤ ከዚያ በቀረው ውሃ አቅጥኚው። ከጎረቤት የተለመነ እርሾ፣ ከብርጭቆ ጎደል ያለ፣ ጨምረሽ ክደኚው። አረፋ ያወጣል፤ ቆይቶ አረፋው ይተኛና ከላዩ ቢጫ ውሃ ያቆራል። ያ ውሃ ሳይለይ አትቸኩዪ፤ ቀን ከመቁጠር እሱን ማየት ይሻላል። ውሃውን አጥልዪና ጥቂቱን ለሚቀጥለው እርሾ በጠርሙስ አስቀምጪ።

ቀጥሎ አብሲቱ ነው፤ ዓይን የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከሊጡ አንድ ብርጭቆ ቅጂና በሦስት ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ፣ እያማሰልሽ አፍዪው፤ እንደ አጥሚት ወፈር ሲል አውጪው። ትኩሱን ከመለስሽው እርሾውን ይገድለዋል፤ ጣትሽን ከተሽ የሚታገሠው ለብታ ላይ ሲደርስ ብቻ ሊጡ ውስጥ ጨምሪው። አብሲቱ ካነሰ እንጀራው ይሰነጣጠቃል፤ ከበዛ ይለጠልጣል። ከጨመርሽ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጡ ኩፍ ይላል፤ ያኔ ምጣድ ጣጂ። የተወቀጠ ጎመን ዘር በማሰሻ ጨርቅ ምጣዱን አዳርሺው፤ የፋሲካው እንጀራሽ የተጣበቀው ይህ ስለጎደለው ሊሆን ይችላል። ሊጡን ከዳር ጀምረሽ ወደ መሃል እያዞርሽ አፍስሺ። ዓይኑ ገጹን እስኪሞላ ድረስ አክንባሎውን አትድፊው፤ ቀድመሽ ከከደንሽው በእንፋሎት ታፍኖ ዓይኑ ይደፈናል። ዳር ዳሩ ከምጣዱ ሲላቀቅ በሰፌድ አውጪው።

ሸኖ ላይ የሚጨመረው ሁለት ነገር ነው፤ ብርዱና እሳቱ። ለብርዱ ቡሃቃውን ማታ ማታ እሳት ካለበት ግድግዳ አጠገብ አድርጎ በአሮጌ ጋቢ መጠቅለል ነው። እሳቱ ግን እጅ እስኪለምደው ያስቸግራል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቦግ ብሎ ወዲያው ይከስማል፤ ኩበት ዘግይቶ ይያያዝና ለረጅም ጊዜ እኩል ይሞቃል። የእንጀራው መሃል አርሮ ዳሩ ጥሬ ከሆነ እሳቱ መሃል ላይ ተከምሯል ማለት ነውና ወደ ዳር ግፊው። ሦስት ጉልቻው በምርጥ ምድጃ፣ ማለትም ከሲሚንቶ ተሠርቶ በክፍልፋይ በሚገጣጠመው፣ ቢቀየር ማገዶው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ጭሱም እንዲሁ። ባለቤትሽ አናጢ አይደል? የማድ ቤቱ መስኮትና የጭስ መውጫ ከመሄዳችሁ በፊት የሚሠራ የእሱ የቤት ሥራ ይሁን።

እዚህ ላይ ባለቤትሽ ያልነገረሽ አንድ ነገር አለ። የሸኖ ብርድ ለጤፍ አይመችም፤ የዚያ አገር እህል ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ነው። «ሁሉን ከቤት» ቢባልም ጤፉ ይገዛል፤ ወይ እዚያው ገበያ፣ ወይ ከመርካቶ እህል በረንዳ። ከሦስት እጅ አንዱን ገብስ አድርጎ መቀላቀል ወጪውን ያቀለዋል፤ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ ጋግሪ። ሽሮም ስታስፈጪ እህሉን ራስሽ ለቅመሽ ግዢ። ረከስ ያለ ዱቄት ውስጥ የሚቀላቀለው ጓያ ዘወትር በብዛት ከተበላ እግር ያሽመደምዳል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ወተቱን ከላሟ፣ ድንቹን ከጓሮ፣ እንጀራውን ከምጣድ» በሚለው የባለቤትሽ ንግግር ውስጥ በእያንዳንዱ ቃል ሥር አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ትታየናለች። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ልጅ ሆኖ ያየው የበሰለውን እንጂ የሚበስለውን ላይሆን ይችላል። ቅቤን ብቻ እንውሰድ፤ የሸኖ ቅቤ ስሙ በአዲስ አበባ ሁሉ የታወቀ ነው። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማግኘት 20 ሊትር ገደማ ወተት ይጠራቀማል። ሌሊት ተነሥቶ ማለብ፣ ዕቃውን ማጠንና ማጠብ፣ በዚያ ብርድ እርጎው እስኪረጋ ቀናት መጠበቅ፣ ከዚያ ተቀምጦ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ መናጥ አለበት። እርጎው በጣም ከቀዘቀዘ ቅቤው አልሰበሰብ ይላል፤ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ ጣል ይደረግበታል። አሬራው ደግሞ አይብ ይሆናል፦ ዝግ ባለ እሳት፣ ሳይማሰል፣ ሳይፈላ፤ እሳቱ ከበረታ አይቡ እንደ ጎማ ይንጫጫል። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ማነው የሚሠራው? አንቺ የወር መጨረሻ ሒሳብ ስትዘጊ ላሟ ትጠብቃለች?

አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወረቀት አውጡና የዚያን ግቢ የአንድ ቀን ሥራ ከንጋት እስከ ማታ ጻፉት፦ ማለብ፣ በረት መጥረግ፣ ውሃ፣ ማገዶ፣ ወፍጮ ቤት፣ ማብኩያ፣ ጓሮ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ። ከየሥራው አጠገብ የሰው ስም ይቀመጥ። ስምሽ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ አብራችሁ እዩት። ክርክር አያስፈልገውም፤ ወረቀቱ ይናገራል።

ሌላም ያስተዋልነው ነገር አለ። በደብዳቤሽ ውስጥ የባለቤትሽ ሐሳብ አለ፣ የጎረቤት ሳቅ አለ፤ አማትሽ ምን እንደሚፈልጉ ግን የትም የለም። ጠይቋቸው ያውቃል? ከእናንተ ጋር መኖር ይፈልጋሉ? ወይስ የሚከብዳቸው ሌሊቱና የላሟ ሥራ ነው፤ ይህን ደግሞ አንድ ተቀጣሪ ረዳት ያቀልላቸው ይሆን? ለዓመታት ብቻቸውን ያዘዙበትን ማድ ቤት ለሌላ ሴት ማካፈል ለእሳቸውም ቀላል አይደለም። በሚቀጥለው ስትሄጂ ጎረቤት በሌለበት «እማዬ፣ የዚህ አገር ሊጥ ስንት ቀን ይፈልጋል? የኔ ለምን እምቢ እንዳለኝ ያሳዩኝ» በያቸው። ይቅርታ መጠየቅም፣ ስለ ሳቁ ማንሣትም አይጠበቅብሽም። እጃቸውን እያየሽ አንድ ጊዜ አብራችሁ ብትጋግሩ፣ አብሮ መኖሩ ይሆን አይሆን እንደሆነ ከወሬው ይልቅ እዚያው ምጣድ ዳር ይገባሻል።

ውሳኔውን ግን ለመስከረም አታድርጉት። በፋሲካ ያየሽው ሸኖ ሙሽራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱና ስድስት ሳምንት ኑሩበት። ጭቃው ጫማ የሚነቅልበት፣ ማገዶው የሚረጥብበት፣ ልብስ ሦስት ቀን የማይደርቅበት ጊዜ ነው። ለጀማሪ አንድ እፎይታ አለው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚገባ ማብሰሉ ወደ ሽሮ፣ ባቄላና ጎመን ይወርዳል። በዚያ ከፍታ ውሃ ቀድሞ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፤ ባቄላውን ማታውኑ ዘፍዝፊው። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምንሻለን፦ ሌሊት ቢበርዳችሁም የከሰል ምድጃ ወደ ተዘጋ መኝታ ቤት አታስገቡ። ፍሙ ቀልቶ ጭስ ባይታይም የሚያወጣው መርዘኛ አየር ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

የባለቤትሽን ጉጉት የሚፈትነው ደግሞ ድንቹ ነው፤ እሱም የሚጀምረው አሁን፣ በግንቦት መጨረሻ ነው። ሙሉውን ጓሮ አይንካ፤ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይበቃዋል። መስመሩ በ75 ሳንቲ ሜትር፣ በድንችና በድንች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 430 ያህል፣ የእንቁላል መጠን ያላቸው የዘር ድንቾች ይገባሉ፤ ክብደታቸው ወደ 20 ኪሎ ነው። ከአትክልት ተራ የተገዛ የወጥ ድንች ለዘር አይሁን፤ በሽታ ይዞ ይመጣል። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት በለጠና ጉደኔ ክረምት ላይ ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ ከሌላው የተሻለ ይቋቋማሉ፤ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ጠይቆ ጎንቆል ያወጣ ዘር ያግኝ።

አፈሩ ሲረጥብ የሚለጠፍ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ከሆነ ውሃ ያቁርና ድንቹን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ መደቡ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በመደቦቹ መካከል ያለው ቦይ ጎርፉን ወደ ዝቅተኛው ዳር ይምራ። ቦዩ ከዝናቡ በፊት ካልተቆፈረ በሐምሌ መቆፈር ጭቃ ማቡካት ነው። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን ይኮትኮትና አፈር ይታቀፍ፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይደገም። አፈር ሳይለብስ ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ እሱ አይበላም። ተከላው ከሰኔ አጋማሽ አይለፍ። የዘገየው ገና ቅጠሉ ለምለም እያለ የጥቅምት ውርጭ ያገኘዋል፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ባለቤትሽ ለዚህ ሁሉ ቅዳሜና እሑድ እየተመላለሰ ከጨረሰው ነገሩ ከወሬ አልፏል ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቢደክመው ደግሞ፣ ያንን መስከረም ላይ ዕቃ ጭናችሁ ሳይሆን ሰኔ ላይ ማወቃችሁ ነው ትርፉ።

ስለ ውሃ ባጭሩ። 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1,200 ሊትር ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። አሸንዳው ይሰቀል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና ኩስ አጥቦ ወደ ውጭ ይፍሰስ። የሞላ ሮቶ አንድ ቶን ይመዝናልና መቀመጫው በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራ፤ በጭቃ ላይ የቆመ ያዘነብላል። ይህ ውሃ ለልብስና ለዕቃ ነው፤ የሚጠጣውን አፍልታችሁ ጠጡ። ጉድጓድ ካለ ከመጸዳጃ ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን እዩ።

ሁለተኛ ላም በመጀመሪያው ዓመት አትግዙ፤ የአማትሽ አንዷ ትበቃችኋለች። ልጆቹ የራሳቸው ነገር ካማራቸው አምስት ዶሮ ይያዙ። ፈንግል ከገባ ግን በቀናት ውስጥ አንድም ላይተርፍ ይችላል፤ ዶሮዎቹ ከመግባታቸው በፊት የእንስሳት ክሊኒኩ ክትባቱን መቼ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ማታ ማታ ደግሞ በሩ በደንብ ይዘጋ፣ ሸለምጥማጥ አለና።

ከዚህ ሁሉ ሥራ በፊት ባለቤትሽ ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ጋር ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው አለ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነው? በአማትሽም ስም ተመዝግቧል ወይስ በሟቹ ብቻ? ሌሎቹ ልጆች ምን ያስባሉ? ይህ ሳይጠራ ማድ ቤትም ሮቶም ላይ ገንዘብ ከወጣ ጭቅጭቁ በኋላ ይመጣል። የአራት ኪሎውን ቤት በተመለከተ ደግሞ፣ የቀበሌ ቤት ለሌላ ማከራየት አይፈቀድም፤ ዘግቶ መክረምስ ምን ያስከትላል? ከመሄዳችሁ በፊት ወረዳ ጠይቂ። የለቀቅሽውን የቀበሌ ቤት መልሶ ማግኘት ዘበት ነው። ሥራሽንም አትልቀቂ። ጤፉም ዘይቱም የሚገዛው ባንቺ ደመወዝ ነው፤ የእሱም ደንበኞች ያሉት እዚህ ነው።

እምቢና እሺ ብቻ አይደለም ያለሽ። ክረምቱን ከኖራችሁበት በኋላ ሙሉ በሙሉ መግባት አለ፤ ባለቤትሽ እየተመላለሰ ጓሮውን ይዞ፣ አንቺና ልጆቹ በየዕረፍቱ መሄድም አለ፤ አማትሽ ብርዱ ሲጠና እናንተ ዘንድ መክረማቸውም አለ። በኅዳር አንድ ቅዳሜና እሑድ ሂጂና ውርጩን ቅመሺው፤ ከዚያ ወስኚ።

ለባለቤትሽ እንዲህ ብትዪውስ፦ «እምቢ አላልኩም። እናትህ ብቻቸውን እንዲቀሩም አልፈልግም። ልጆቹ ለመስከረም እዚሁ ይመዝገቡ፤ ክረምቱን አብረን እንሂድና እንሞክረው። እኔ እስከ ሰኔ እንጀራውን እለማመዳለሁ፤ አንተ ደግሞ ድንቹን ትከል፣ ቦዩን ራስህ ቆፍረህ።»